የቺካጎው መጋዘንና የልጅ ልጄ ሙዚቃ

በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ ከሚቺጋን ሐይቅ ዳር፣ ጃክሰን ፓርክ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1893 ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን የተካሄደው እዚያ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ሆኗል። ከሙዚየሙ ጀርባ ባለው ሣር ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቼት የሚባል ቤተሰብ የአሜሪካን የነፃነት በዓል ለማክበር ተሰባስቦ ነበር። ከቤተሰቡ ቶኒና አንድሬ የተባሉት ወንድማማቾች ዲጄዎች ስለነበሩ የሙያ ጓደኞቻቸውን ጠርተው ሸክላ ማጫወቻቸውን ዘረጉ። ሥጋው እየተጠበሰ፣ ልጆቹ እየተሯሯጡ ሲጨፈር ተዋለ። በዓመቱ ተደገመ። ከዓመት ዓመት ጎረቤት በጎረቤት ላይ፣ ዘመድ በዘመድ ላይ እየተጨመረ ሄዶ ዛሬ “ቾዝን ፊው ፒክኒክ” በሚባለው በዚህ ሽርሽር ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይገኛል።

በዚህ መናፈሻ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው ሙዚቃ “ሃውስ” ይባላል። ልጆቻችሁ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲሰሙት ከውጭ “ዱም፣ ዱም፣ ዱም” የሚለው እሱ ራሱ፣ ወይም ዲስኮና ቴክኖ የሚባሉት ዘመዶቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። ብዙዎቻችን ወላጆችና አያቶች ይህን ሙዚቃ የምናውቀው በግድግዳ በኩል ነው። ከወዲያ ማዶ ልጁ በሩን ዘግቷል፤ ከወዲህ እኛ ሰዓት እንቆጥራለን።

ወደ ቺካጎ የምሄደው ልጄን ለመጠየቅ ነው። በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አቅሜ ሲፈቅድ በሰኔ ብቅ እላለሁ። እዚህ ክረምቱ ሲገባ እዚያ በጋው ይጀምራልና። ልጄ የምትኖረው በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል፣ ብሮድዌይ በሚባለው ጎዳና አካባቢ ነው፤ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ የአገር ሰውም የማይጠፋበት ሰፈር ነው። አምና ስደርስ ግን ቤቱ ሰላም አልነበረውም።

የልጅ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ሌሊቱን ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ ይሠራል። በኬሚስትሪ ውጤቱ ወርዷል። ይባስ ብሎ በአንድ የወጣቶች ዝግጅት ላይ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ያህል እንዲያጫውት ተጋብዞ እናቱ “አይሆንም” ብላዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ “ደህና አደርሽ፣ ደህና አደርክ” ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። አማቼ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለም። ልጄ ደግሞ የማታ ተረኛ ሆና ትሠራለች። ልጁን የምትቆጣጠረው ከሥራ ቦታ በስልክ ነው። በዚያች ከተማ ቅዳሜ ማታ የጥይት ድምፅ የሚሰማበት ሰፈር አለ፤ የማይታወቅ ክኒን የሚያዞር ሰውም አይጠፋም። ስለዚህ የእናትየው ፍርሃት ከሙዚቃው ይልቅ የሌሊቱ ነው።

“እማማ፣ አንቺ ነይና እይው” አለኝ ልጁ በዚያ በተሰባበረው አማርኛው።

ልጄ ሰምታ ከወጥ ቤት ወጣች። “እማዬ፣ ደግሞ አንቺ ልትደግፊው ነው?”

“ያላየሁትን አልደግፍም፤ ያላየሁትንም አልነቅፍም” አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት በቀዩ መስመር ባቡር ወደ መሃል ከተማ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሐይቁን በግራችን እያየን ወደ ደቡብ ወረድን። ሚቺጋን ሐይቅ ለስሙ ሐይቅ ይባል እንጂ ማዶው አይታይም። ከአውቶቡስ ስንወርድ ከሙዚቃው በፊት የተቀበለን የከሰልና የሥጋ ጥብስ ሽታ ነበር። መናፈሻው ውስጥ ድንኳን በድንኳን ላይ ተተክሏል። በየድንኳኑ አንድ ቤተሰብ አለ። አንዳንዱ ቤተሰብ የዘሩ ስም የታተመበት አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሷል። አዛውንቶች በጥላ ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አባቶች ጎድን ይጠብሳሉ። ሕፃናቱ ጆሯቸውን በትልልቅ መሸፈኛ ተሸፍነው በእናቶቻቸው ጀርባና በጋሪ ላይ ናቸው። የእኛን ሰው ያስታወሰኝ ነገር ቢኖር የሰርግ ማግስት ነው፤ ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ፣ ቤተ ዘመዱ ዘና ብሎ በራሱ ጊዜ ሲጫወት።

ዘፈኑ ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። የዲጄው ሙያ እሱ ነው፤ ሁለት ዘፈኖችን ፍጥነታቸውን እያስተካከለ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያነባበረ፣ ጭፈራው እንዳይሰበር ማድረግ። እኔ በልማዴ ዓይኔ ወደ ሰዓቴ ሄደ። በ15 ሰከንድ 31 ምት ቆጠርኩ፤ በ4 ሲባዛ 124። ሃውስ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ባለው መካከል ነው የሚሄደው። ያረፈ ጤናማ አዋቂ የልብ ምቱ ከ60 እስከ 100 ነው፤ ፈጠን ብሎ ሲራመድ ግን ወደዚያ ይጠጋል። ሙዚቃው እግርን የሚያነሳው ከሰውነት ሥራ ጋር ስለሚቀራረብ ይመስለኛል።

ለልጅ ልጄ ይህን ስነግረው እኔም አንድ ነገር አስተማርኩት። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ሲገኝ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ይህን ፍጥነት በቃል ለመያዝ በአሜሪካ የመጀመሪያ እርዳታ አስተማሪዎች የሚጠቀሙበት “ስቴይን አላይቭ” የተባለ የቢ ጂስ የዲስኮ ዘፈን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሲሆን በደቂቃ 103 ያህል ምት አለው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። ወዲያው በስልኩ ፈልጎ አገኘውና በታጣፊው ወንበር ትራስ ላይ ሁለት እጁን አነባብሮ እንዴት እንደሚጫን አሳየሁት። ከጎናችን የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ፤ ከእነሱ አንዷም መጥታ ሞከረች።

ይህቺ ሴት ሰባዎቹን ያጋመሰች ናት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ስላየሁ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድታስቀምጥ ነገርኳት፤ በዚያው ወሬ ጀመርን። እዚያ የመጣችው ከልጇ፣ ከልጅ ልጆቿና ከአንድ የልጅ ልጅ ልጅ ጋር ነው። ልጇ በ1980ዎቹ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ በየሳምንቱ ለዚህ ሙዚቃ ይጠፋባት እንደነበር አጫወተችኝ። በመስኮት ሥር ተቀምጣ የምታድርበትን ጊዜ ታስታውሳለች። “ከዚያ ምን አደረግሽ?” አልኳት። አንድ ቅዳሜ ራሷ በመኪናዋ ወሰደችው። ጭፈራው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አየቻቸው፤ አነጋገረቻቸው፤ የሚያልቅበትን ሰዓት ጠየቀች። “ከዚያ በኋላ መጠበቁን አልተውኩም፤ ግን ምን እንደምጠብቅ አወቅሁ” አለችኝ። ልጇ ዛሬ ጢሙ ሸብቷል። ከፊታችን ከልጆቹ ጋር ይጨፍር ነበር።

አባባሏ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። ይህን ሽርሽር የመሠረቱት ዲጄዎች “ቾዝን ፊው” ተብለው በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሰባሰቡት ገና ተማሪዎች ሳሉ ነው። መሪያቸው ዌይን ዊልያምስ ነበር። ሃውስ በደቡብ ቺካጎ በወጣቱ ዘንድ ከተስፋፋባቸው ቦታዎች አንዱ ሜንደል የሚባል የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከዚሁ ቡድን አንዱ የሆነው ጄሲ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1984 “ኦን ኤንድ ኦን” የሚባለውን ሸክላ አወጣ፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የሃውስ ሸክላ ይሉታል። ከእሱ ጋር የሠራው ቪንስ ሎውረንስ ታሪክ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1979 በደቡብ ቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ በሚባለው ስታዲየም የቤዝቦል ጨዋታ ነበር። ዲስኮን የሚጠላ አንድ የራዲዮ አቅራቢ ሕዝቡ የዲስኮ ሸክላ ይዞ በ98 ሳንቲም እንዲገባ፣ የተሰበሰበውም ሸክላ በሁለቱ ጨዋታዎች መሃል ሜዳው ላይ በፈንጂ እንዲጋይ አዘጋጀ። ወደ 50 ሺህ ሰው ገባ። ሸክላው ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አጥሩን ዘለው ሜዳውን አጥለቀለቁት፤ 39 ሰዎች ታሰሩ፤ ሁለተኛው ጨዋታ ቀረ። ቪንስ ሎውረንስ ያን ቀን በስታዲየሙ ውስጥ ሰው በማስተናገድ ሥራ ላይ የነበረ ጥቁር ታዳጊ ነበር። ገንዘብ የሚያጠራቅመው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት ነው። ሰዎቹ ይዘው ከመጡት ሸክላ ብዙው ዲስኮ ሳይሆን እንዲያው የጥቁር ዘፋኞች ሥራ እንደነበረ በኋላ በተደጋጋሚ ተናግሯል። የሚገርመው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ልጅ የአዲሱን ሙዚቃ የመጀመሪያ ሸክላ ካወጡት አንዱ መሆኑ ነው። ያቃጠሉት ሙዚቃ በዚያው ከተማ ስሙን ለውጦ ተነሳ።

ስሙ ከየት መጣ? ይህን ለማየት ሰኞ ከልጅ ልጄ ጋር ወደ መሃል ከተማ ሄድን። ከትልቁ የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ በጄፈርሰን ጎዳና 206 ቁጥር ላይ ባለሦስት ፎቅ ሕንፃ አለ። ለዓይን የሚገባ ነገር የለውም፤ ቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እዚህ ቤት ሮበርት ዊልያምስ የሚባል ሰው የጭፈራ ቤት ከፈተ። ሰዎች “ዌርሃውስ” አሉት፤ መጋዘን ማለት ነው። ዲጄ እንዲሆንለት ከኒው ዮርክ ፍራንኪ ናክልስ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት አስመጣ። በኋላ ሸክላ ቤቶች በመጋዘኑ የሚሰማውን ዓይነት ሙዚቃ ለይተው ለመሸጥ ስሙን አሳጠሩትና “ሃውስ” ቀረ። በአማርኛ “ቤት” ቢሆንም ሥሩ መጋዘን ነው።

በመጋዘኑ መጠጥ አይሸጥም ነበር። የሚገኘው ጭማቂና ውኃ ነው። ቅዳሜ ማታ የተጀመረ ጭፈራ እሑድ ረፋዱን ይዘልቃል። ከሚመጡት አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በመሆናቸው በቤታቸውም በሌላውም መዝናኛ በር የተዘጋባቸው ወጣቶች ነበሩ። በዚህ ጉዳይ አንባቢ የየራሱ እምነትና አቋም ይኖረዋል፤ የእኔ ፍላጎት ያንን መንካት አይደለም። ታሪኩን ያለ እነሱ መንገር ግን ውሸት ይሆናል። ደግሞም በሙያዬ ካየሁት ነገር ጋር ስለተያያዘብኝ ነው።

እኔ በ1969 ዓ.ም. ያ መጋዘን ሲከፈት የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ውስጥ ነበረች። የሌሊት ድምፅ ማለት ለእኛ የሙዚቃ ድምፅ አልነበረም፤ ያን ዘመን ያየ ያውቀዋል። ነርስ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ የኤችአይቪ ዘመን መጣ። በነፃ የሚሰጠው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት በክፍላችን የተኙትን ወጣቶች ቁጥር አሁን ማስታወስ አልፈልግም። ከእነሱ አንዱ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ሞታለች። አባቱ ምግብ ይዞ እስከ ግቢው በር ይመጣና ለዘበኛው ሰጥቶ ይመለሳል። ገብቶ አያውቅም። ልጁን የሚያጥበውና የሚያገላብጠው የሠፈሩ ጓደኛ ነበር። ልጁ እስከ መጨረሻው ቀን “አባቴ መጣ?” እያለ ይጠይቀን ነበር፤ እኛም “ምግብ ልኮልሃል” እንለው ነበር። በቺካጎም ቢሆን በዚያው በሽታ ያለቁ የዚህ ሙዚቃ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም በጓደኛ እጅ የተቀበረ አይጠፋም። ልጅ ከበር ሲመለስ የት ይገባል? ለዚህ ጥያቄ የጄፈርሰን ጎዳናው መጋዘን አንዱ መልስ ነበር።

ፍራንኪ ናክልስን “የሃውስ አባት” ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዘፈኖችን እንደገና በማቀናበር ሙያ የግራሚ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ2004 ከመጋዘኑ አጠገብ ያለው መንገድ በስሙ ተሰየመ፤ የያኔው የኢሊኖይ ሴናተር ባራክ ኦባማ ስያሜውን ከደገፉት አንዱ ነበሩ። በሰኔ 2023 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ሕንፃውን በቅርስነት መዘገበው። ናክልስ ግን ይህንን አላየም። የስኳር በሽታ ነበረበት፤ በ2008 አንድ እግሩ ተቆርጧል። ከዚያ በኋላም ማጫወቱን አላቆመም። በመጋቢት 2014 በዚሁ በሽታ ሳቢያ በ59 ዓመቱ አረፈ። ከሕንፃው ፊት ቆሜ ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው የማስበው ስለ ሌሊት ሥራ ነበር። ሌሊት የሚሠራ ሰው፣ ነርስም ይሁን ዲጄ፣ የሚበላበት ሰዓት ይዛባል፤ እንቅልፉ ይዛባል፤ የሐኪም ቀጠሮውም ያመልጠዋል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን በየቀኑ ማየት አለበት፤ በጣቱ መሃል ያለች ትንሽ ቁስል ብዙ ጊዜ አታመውም፤ አደገኛነቷም እሱ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና “እናቴም እኮ ሌሊት ነው የምትሠራው” አለ። ይህንን ለእሷ እንዲነግራት ነገርኩት።

ልጁ ራሱ ከሃውስ ይልቅ ቴክኖ ይወዳል። ቴክኖ የተወለደው ከቺካጎ በመኪና አራት አምስት ሰዓት በሚያስኬደው ዲትሮይት ነው። ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን የሚባሉ ሦስት ጥቁር ወጣቶች፣ ቤልቪል በምትባል አነስተኛ ከተማ አብረው የተማሩ፣ በ1980ዎቹ የጀመሩት ነው። ሃውስ ዘፋኝ አለው፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የሚመስል ድምፅ ይሰማበታል። ቴክኖ ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ልጅነቱ ያስታውቃል። ከዲትሮይት ወደ በርሊን ተሻግሮ እዚያ ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ጀርመን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግባለች። በእኛም አገር ልጆች ይህን መንገድ ይዘውት አለ። የልጅ ልጄ የሚካኤል ሰይፉን “ዘላለም” የተባለ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሥራ አሰማኝ፤ የእኛ የሙዚቃ መሣሪያና ዜማ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ተዋዶ ይሰማል። “ይህን የሠራው አዲስ አበባ ነው” አለኝ ኩራት እየተሰማው። አገሩን በዚህ በኩል ያገኘዋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ። በዚህ ሙዚቃ ዙሪያ እንደ ነርስ የሚያሳስቡኝ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ጆሮ ነው። የልጅ ልጄ ከዚያ ቀን በኋላ ጆሮው ውስጥ “ጭው” የሚል ድምፅ እንደቀረ፣ ከዚያ በፊትም እንደሚያጋጥመው ነገረኝ። ይህ የድካም ምልክት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመዘኛ መዝናኛ ቦታዎች በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፉ ይመክራል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የጆሮ መሰኪያ ማድረግ፣ ከድምፅ ማጉያው ፊት አለመቆም፣ በየሰዓቱ ወጣ ብሎ ጆሮን ማሳረፍ። ጭውታው በማግስቱ ካልለቀቀ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሰው ተጨናንቆ ለረጅም ሰዓት ሲጨፍር ሰውነቱ ይግላል፤ ውኃና ጥላ ወይም ንጹሕ አየር የግድ ነው። በመናፈሻው የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳን ነበር፤ በረዶና ውኃም ተዘጋጅቷል። ይህን ያላሰበ አዘጋጅ ልጅ አይሰጠውም።

ሦስተኛው ክኒኑ ነው። ኤክስታሲ የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ በዚህ ሙዚቃ ዙሪያ እንደሚዘዋወር መደበቅ አይገባም። የሰውነትን ሙቀት ከልክ በላይ ያንራል፤ የሚሸጠውም ከምን ጋር እንደተቀላቀለ አይታወቅም። ልጆቻችንን “እንዳትነካ” ማለት ትክክል ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። ጓደኛው ራሱን ሲስት ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት ሲግል ቅጣት ፈርቶ እንዳይደበቅ፣ ወዲያው እርዳታ እንዲጠራና የወሰደውን ነገር ለሐኪም በእውነት እንዲናገር። በሥራ ዘመኔ ሰው የሞተብኝ በመርዙ ብቻ አይደለም፤ አብረውት የነበሩት እውነቱን እስኪናገሩ ባለፈው ሰዓትም ጭምር ነው።

በመናፈሻው ቅዳሜ ልጄ ከሥራ እንደወጣች፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም መጣች። አልጨፈረችም። ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ያቺ ጎረቤታችን የሆነች ሴት የጥብስ ሳህን አቀበለቻት፤ የመስኮቱንም ታሪክ ደገመችላት። ልጄ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ልጇን ስታይ ቆየች። በዚያ ምሽት ምንም አልወሰነችም። ውይይቱ የመጣው ሐሙስ ዕለት፣ ቡና ተፈልቶ ነው።

ስምምነታቸውን እኔ አልጻፍኩላቸውም፤ ሁለቱ ተከራክረው የደረሱበት ነው። ልጁ በተጋበዘበት ዝግጅት ያጫውታል፤ እናቱ ግን ያን ቀን ፈረቃዋን ለውጣ ራሷ ትወስደዋለች፣ አዘጋጁንም ታነጋግራለች። ከሳምንቱ አምስት ሌሊት ኮምፒዩተሩ በአራት ሰዓት ይዘጋል። የኬሚስትሪ ውጤቱ ካልተስተካከለ የሚቀጥለው ግብዣ የለም። የጆሮ መሰኪያውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ልጁ በሰዓቱ አጉረምርሟል፤ እናቱም ፍርሃቷ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም። ይህ የሚጠበቅ ነው።

እናቱ በቀጠሮው ቀን አዘጋጁን የጠየቀችውን ዝርዝር ግን ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል ብዬ አቆይቼዋለሁ። በሩ ላይ የሚቆመው ማን ነው? መግቢያ ዕድሜ ስንት ነው? መጠጥ ይሸጣል ወይ? ውኃ በነፃ ይገኛል ወይ? መውጫው ስንት ነው፣ ክፍት ነው ወይስ የተቆለፈ? ሰው ቢታመም ማን ይጠራል? በስንት ሰዓት ያልቃል፣ ከዚያስ ልጆቹ በምን ይመለሳሉ? አዘጋጁ ሁሉንም ሳይቆጣ መለሰላት፤ ሁለት ጥያቄ ላይም “ይህን እናስተካክላለን” ብሏታል።

የልጆቻችንን ሙዚቃ መውደድ ግዴታ የለብንም። እኔ ዛሬም ከቴክኖው ይልቅ ጥላሁንን እመርጣለሁ። ነገር ግን ልጁ የሚገባበትን በር ማወቅ፣ እስከዚያ በር መሄድና ተመልሶ ሲመጣም የቤታችንን በር ክፍት ማድረግ ሙዚቃውን ከመውደድ ጋር ግንኙነት የለውም። ያ የሃያ ዓመት ልጅ አባት ይወደው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ምግቡ በየቀኑ ትኩስ ነበር። የቀረው ከበሩ እስከ አልጋው ያለችው መንገድ ብቻ ነበረች።